ጥፋቴን አትቀሙኝ

ጋሽ ምንያድርግ የሚለውን ስም ያወጣችለት እናቱ አይደለችም። ሰፈርተኛው ነው፤ ያውም አስቦበት አይደለም። ሰውየው ብርጭቆ ሰብሮ ሲገኝ «ምን ያድርግ!»፣ የቀጠረውን ሰው ፀሐይ ላይ ገትሮ ሲቀር «ምን ያድርግ!»፣ የሰው ጃንጥላ ይዞ ቤቱ ሲገባ «ምን ያድርግ፣ ዝንጉ ነው እኮ!» ሲባል ሲባል ቃሉ ተጣበቀበትና ስሙ ሆኖ ቀረ። እሱም አልከፋውም። እንዲያውም እውነቱን እናውራ ከተባለ ተመችቶት ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአልጋ ነው። ሕፃን ሳለ ከአልጋ ወድቆ ኖሯል። እስቲ አሁን ከአልጋ ያልወደቀ ሕፃን የት አለ? ሁላችንም ወድቀን፣ አልቅሰን፣ ተነስተን ይኸው እዚህ ደርሰናል! የሱ እናት ግን «ልጄን አትቆጡብኝ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው» ማለት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ሊገዛ ተልኮ ኳስ ሜዳ ቢገኝ ጥፋቱ የአልጋው ነው። ክፍል ቢደግምም የአልጋው ነው። የጎረቤት መስኮት ቢሰብርም ያው አልጋው ነው። በዓለም ላይ እንደዚያ አልጋ ብዙ ጥፋት የተሸከመ ዕቃ ያለ አይመስለኝም። እናቱ ስታርፍ ይህን ጠበቃነት ሚስቱ ተረከበችው፤ ሚስቱ ስታርፍ ደግሞ አንዲት ልጁ ወረሰችው።

አሁን ጋሽ ምንያድርግ ሃምሳውን አልፏል። ሥራው ላውንደሪ ውስጥ ልብስ መተኮስ ነው። ላውንደሪው ጠባብ ቤት ነው። ፊት ለፊት ባንኮኒ አለ፤ ከባንኮኒው ጀርባ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ረጅም ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው በላይ ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጋ ብረት፤ ብረቱ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘባቸው ኮቶችና ቀሚሶች ተሰቅለዋል። በጓሮ በኩል ማጠቢያ ማሽኑ ሲሽከረከር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ባንኮኒው ላይ የምትቀመጠው የቤቱ ባለቤት ናት፤ ሁሉም «እትዬ» ይሏታል፤ ማር የሆነች ሴት። በጓሮ ያለችው አጣቢ ደግሞ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ፣ ምላሷ ምላጭ።

ጋሽ ምንያድርግ በሥራው አይታማም። በሱ እጅ ያለፈ ሱሪ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ በሱ እጅ ያለፈ ሸሚዝ ኮሌታው የቆመ ነው። «ይኸን ሁሉ ዓመት ስተኩስ አንድ ልብስ አቃጥዬ አላውቅም!» ይላል ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ነው፣ አቃጥሎ አያውቅም።

ይህ ሰው ከልቡ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ልጁ ወልዳለች። ሕፃኗን ሁሉም ሚጢጢ ይላታል፤ አያቷ በሚጢጢ አብዷል ቢባል ውሸት አይደለም። የልጁ የወሊድ ፈቃድ፣ ያለ ደመወዝ ካስጨመረችው ወራት ጋር፣ እያለቀ ነው። ባሏ የጠዋት ፈረቃ ስለሚሠራ ከሰዓት በኋላ እቤት አለ፤ የጠዋቱን የሚይዝ ሰው ግን ያስፈልጋል። ጋሽ ምንያድርግ ቀልጠፍ ብሎ እትዬን አስፈቀደ፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሊገባ ተስማማ። ከዚያ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ልጁ ዘንድ ሄደና «ጠዋት ጠዋት እኔ አለሁ አይደል!» አላት።

ልጁ ሳቅ ብላ ጉንጩን ሳመችው። «አባዬ፣ አንተማ ምን ታደርግ፣ ተፈጥሮህ ነው። አንተን አልቀየምም። ግን ሚጢጢ ሰው ናት፣ ሸሚዝ አይደለችም። ሞግዚት አግኝቻለሁ፣ ሥራ ስመለስ ትጀምራለች።»

በስድብ ብትሸኘው ይሻለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እንደ ትራስ የተደገፈው ቃል ያን ቀን ጎኑን ወጋው።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለ መምህሩ መጣ። መምህሩ ኮሌጅ ውስጥ ፍልስፍና ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሚሰማው ቢያጣ ጊዜ በየሳምንቱ አንድ ግራጫ ሱሪ ይዞ ላውንደሪ ይመጣል። ሱሪው ንጹሕ ነው፤ የተተኮሰም ነው። ሰውየው የሚመጣው ለወሬ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

«ምን ሆነሃል ዛሬ?» አለው አግዳሚው ላይ እየተቀመጠ። «ካውያውን እንደ ጠላት ነው የጨበጥከው።»

ጋሽ ምንያድርግ የሆነውን ሁሉ ነገረውና «ምን ላድርግ መምህር፣ ተፈጥሮዬ ነው!» ብሎ ተነፈሰ።

የመምህሩ ዓይን በራ። «ተፈጥሮዬ ነው አልክ? በዚች ቃል እኮ የድሮዎቹ ጀርመኖች ዕድሜ ልካቸውን ተጨቃጭቀዋል!»

«ጀርመኖች? ስለኔ?»

«ስላንተ፣ ስለኔ፣ ስለ ሁላችንም። አንደኛው ምን ይላል መሰለህ፤ ‹ይህን ማድረግ ነበረብኝ› ካልክ ‹ማድረግ እችል ነበር› ብለሃል ይላል። ድንጋይን ‹መውደቅ አልነበረብህም› የሚለው የለም። ግዴታ የሚባል ነገር ያለው በሚችል ሰው ላይ ብቻ ነው። ነፃ መሆንም ደስ ያለህን ማድረግ አይደለም፤ ራስህ ላወጣኸው ሕግ ራስህ መታዘዝ ነው።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ሌላኛው ደግሞ ጉደኛ ነው። ያጠፋ ሰው መቀጣት መብቱ ነው ይላል።»

«መብቱ?» አለች አጣቢዋ ከጓሮ ብቅ ብላ። «እንግዲያው ባሌን ዛሬ ማታ መብቱን እሰጠዋለሁ!»

«መብቱ!» አለ መምህሩ፣ ሰሚ በመጨመሩ እየተደሰተ። «አየሽ፣ ሰውን ጥፋተኛ ነህ ስትዪው አክብረሽዋል። ‹አንተ አእምሮ ያለህ ፍጡር ነህ፣ አውቀህ አደረግከው› ብለሽዋል። ዝናብ ቢያበሰብስሽ ዝናቡን ትወቅሽዋለሽ? ድመት ወተት ብትደፋ ፍርድ ቤት ታቆሚያታለሽ? አታቆሚያትም። ለምን? ሰው አይደለችማ!»

«ስለ ተፈጥሮስ ያለ የለም?» አለ ጋሽ ምንያድርግ።

«አለ እንጂ! ሦስተኛው ተፈጥሮህንም ቢሆን የመረጥከው ራስህ ነህ፣ ያውም ገና ጊዜ ሳይጀምር ይላል።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እሱን ዕድሜዬን ሙሉ አስተማርኩት፤ እስካሁን አልገባኝም» አለ መምህሩ በጣም ደስ ብሎት።

ጋሽ ምንያድርግ ካውያውን አቆመ። «ቆይ መምህር። እኔን በሕይወቴ የተቆጣኝ ሰው የለም።»

«እና?»

«እናማ ዝናብ ነኝ ማለት ነው?»

«ኧረ እኔ አላልኩም!»

«ድመት ነኝ?»

መምህሩ ወደ ሱሪው አፈጠጠ። ጋሽ ምንያድርግ ግን እንዲህ በቀላሉ ድመት ለመሆን አልተዘጋጀም። «እዚህ ቤት እንኳን ሰው ነኝ!» አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠበጠበ። «አንድ ልብስ አቃጥዬ አላውቅም። ይሄ የማን ነው? የአልጋው ነው? የኔ ነው!»

ከጓሮ ሳቅ ተሰማ። አጣቢዋ ሆዷን ይዛ መጣች፤ አረፋው መሬት ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዳማ ልታይ እዚህ ጎናችን ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሄደህ ስትመለስ ካውያው ቀዝቅዞ የምታገኘው ለምን ይመስልሃል?»

«መብራት ጠፍቶ ነዋ!»

«መብራት ጠፍቶ! እናንተዬ! ሶኬቱን እኔ ስለምነቅለው ነው እንጂ! ይኸን ሁሉ ዓመት እግርህ ከበር በወጣ ቁጥር እጄን አብሼ ስነቅል፣ ስትመለስ ስሰካ ነው የኖርኩት። አቃጥለህ የማታውቀው አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ!»

ወይ ጉድ! ሰውየው እኮ በመብራት ኃይል ሠራተኞች ስንት ቀን አማርሯል። አንድ ጊዜማ ፀጉር አስተካካዩን «የናንተ መብራት አይጠፋም እንዴ?» ሲለው «ኧረ አይጠፋም» ቢለው «አይ መታደል!» ብሎት ወጥቷል። በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። መንገደኛ ቢጠየቅ ይገባው የነበረ ነገር ለሱ አልገባውም፤ ምክንያቱም እንዲገባው የፈለገ ሰው አልነበረም፣ እሱም ራሱ ጭምር።

እትዬ «ተዪው ባክሽ፣ ምን ያድርግ» ብላ ልትገባ ስትል ፊቱን አይታ ቃሏን ዋጠች። ሰውየው ቀልቷል። አንገቱ ድረስ ቀልቷል።

«ከዛሬ ጀምሮ ሶኬቴን እንዳትነኪብኝ!» አላት አጣቢዋን።

«ቢቃጠልስ?»

«ይቃጠላ! የኔ ቃጠሎ ነው!»

«እብድ!» አለችው። ግን እጇን አንስታ ማለች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ምንያድርግ ለራሱ ሕግ አወጣ። ከጠረጴዛው ከራቅሁ ሶኬት እነቅላለሁ፣ በቃ። መጀመሪያ አካባቢ ሲያዩት ያሳዝናል፤ ያስቃልም። ነቅሎ ይወጣል፣ ጥርጣሬ ይይዘዋል፣ ይመለሳል፣ ተነቅሎ ያገኘዋል፣ «ጎሽ!» ይላል ለራሱ፣ እንደገና ይወጣል። ሻዩን ሳይጨርስ የሚነሳበት ቀን ነበር። አጣቢዋ «ሶኬቱ ሊያገባህ ነው?» እያለች ትቀልድበታለች። ቀስ በቀስ ግን እጁ ለመደ፤ አካሄዱም ተለወጠ። በመንገድ ሲሄድ አንድ ትልቅ ሥራ የያዘ ሰው ይመስላል። መምህሩም ሱሪውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ማምጣት ጀመረ።

ልጁ ሥራ ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ላውንደሪ መጣች። ሰማያዊ ጃኬት ይዛለች፤ ሰኞ የምትለብሰው እሱን ነው። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ እባክሽ አንቺው ራስሽ ተኩሺልኝ» አለች። አባትየው ጠረጴዛው ዘንድ ሆኖ ሰማ። ልጁ ከወጣች በኋላ መጥቶ ጃኬቱን አነሳ። እትዬ እንዴት ብላ ትከልክለው?

ተኮሰው። ቀኝ እጅጌውን፣ ጀርባውን፣ ኮሌታውን እያባበለ ተኮሰው። የቀረው ግራ እጅጌው ነበር። ልክ እሱን ዘርግቶ ካውያውን ሲያሳርፍ ከግድግዳው ወዲያ ጩኸት ተነሳ። ፀጉር አስተካካዩና ጫማ ሰፊው ወራት የፈጀ የዳማ ፉክክር ነበራቸው፤ ያን ቀን የመጨረሻው ነው። «በላው! ንጉሡን በላው!» ይላል አንዱ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ጋሽ ምንያድርግ አልረሳም። ካውያው እጅጌው ላይ ቁጭ ብሏል፣ ሶኬቱ ተሰክቷል፣ ያያል። በውስጡ አንድ ነገር በጣም ጥርት ባለ ድምፅ «ንቀለው» አለው። እሱም መልስ ሰጠ፤ «አሁን እመለሳለሁ፣ ማን ማንን እንደበላ ብቻ ልይ።» ብሎ ወጣ።

አጣቢዋ ጣሪያ ላይ አንሶላ እያሰጣች ነበር። እትዬ በር ላይ ከደንበኛ ጋር ታወራለች። ጭሱን መጀመሪያ ያየው ሱሪውን ይዞ የመጣው መምህሩ ነው።

ጋሽ ምንያድርግ ሲሮጥ ሲገባ በጃኬቱ እጅጌ ላይ የካውያው ቅርጽ ቁጭ ብሏል፤ ጠርዙ ቡናማ፣ መሀሉ ቀዳዳ። ሁሉም ተሰበሰቡ። ያን ጊዜ የሆነውን ብታዩ! ዛሬም ሲያወሩት ይስቃሉ።

«ካውያው አርጅቷል፣ ልቀይረው ስል ስል!» አለች እትዬ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን አስማለኝ?» አለች አጣቢዋ ደረቷን እየመታች።

«እኛ ነን የጮህነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን እንደያዘ።

መምህሩ እንኳን ሆዱ ባባና «መቼም ማንኛውም ሰው በዚህ ሁኔታ...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ምንያድርግ። ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው፤ ማሽኑ ራሱ የቆመ መሰለ። «ማንም እንዳይነካብኝ! ካውያው ጤነኛ ነው፣ እሷም ጣሪያ ላይ ናት፣ እናንተም በቤታችሁ ነው የጮኻችሁት። እኔ ነኝ። አየሁት፣ አውቄ ተውኩት። በሕይወቴ የራሴ የሆነ አንድ ነገር ባገኝ እሱንም ልትቀሙኝ ነው? ጥፋቴን አትቀሙኝ!»

የመምህሩ ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር። ከእንባው ውስጥ ግን ትንሽ ኩራትም ሳይኖርበት አልቀረም፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ ትምህርቱን እንዲህ ከልቡ የያዘ አልገጠመውም።

ጃኬቱን ጠቅልሎ ወደ ልጁ ቤት ሲሄድ መንገዱ በምክንያት ተሞላ። መብራቱ ከፍና ዝቅ ብሎ ነው በላት። እጅህን አሞህ ነው በላት። ሰይጣን አሳስቶህ ነው በላት። ያቺ የሕፃንነት አልጋ ሳትቀር መጣች። ሁሉንም ዝም ብሎ አሳለፋቸው፤ ቀላል ግን አልነበረም። ሚጢጢን ሊያጣ እንደሆነ ገብቶታል። ውሸት ቢናገር ልጁ ትስመዋለች፤ እውነት ቢናገር ምናልባት ሕፃኗን ከዚያ ወዲያ ለማቀፍም አይሰጡት።

ልጁ ሚጢጢን እያጎረሰች ነው፤ ባሏ ወጣ ብሏል። ጃኬቱን ዘረጋላት። ፊቷ ለአፍታ ክው አለ፤ ወዲያው ግን ያ የለመደው ትዕግሥት መጣና ሁሉን ሸፈነው።

«ምንም አይደል አባዬ። ረሳኸው አይደል? አንተ ምን ታደርግ።»

«አልረሳሁትም።»

«እ?»

«ካውያው እንደተሰካ አይቻለሁ። መንቀል እንዳለብኝም አውቄያለሁ። ዳማ ለማየት ሄድኩ።»

ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠች። ከዚያ በቀስታ ጠየቀችው።

«ትምህርት ቤት በር ላይ በዝናብ የቀረሁ ቀንስ? ዘበኛው ቤቴ ያደረሰኝ ቀን። እማዬ ‹አባትሽ ረስቶሽ ነው፣ እንዳትቀየሚው› አለችኝ። ረስተኸኝ ነበር?»

ይህን አላሰበበትም። ረስቼሽ ነበር ቢል እናቷም ምስክሩ ናት።

«አልረሳሁሽም ልጄ። ጨዋታ ይዤ ነበር። ይቺን ብቻ ልጨርስ አልኩ።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ፈነዳች! «ዳማ! በዳማ ነው? እኔ እየበሰበስኩ? እኔ እኮ ‹አባቴ ምስኪን ነው፣ ምን ያድርግ› እያልኩ አደግኩ! ላዝንልህ ስል መናደድ እንኳን ተከልክዬ አደግኩ! እንዴት ያለህ ሰው ነህ? አታፍርም?» ቤቱ ተናወጠ። ከላይ ያለው ጎረቤት ወለሉን መታ። ሚጢጢ ከረጅም ወንበሯ ላይ ሆና እናቷ የምትጫወት መስሏት እጇን እያጨበጨበች ትስቃለች።

ጋሽ ምንያድርግ መሀል ቤት ቆሞ ተቀበለው። አመመው፤ በጣም አመመው። ግን እዩት፣ ጀርባው ቀጥ ብሏል። በሕይወቱ አንድ ሰው ሙሉ ፊቱን አዙሮ ሲያናግረው የመጀመሪያው ነበር። ልትጨርስ የመሰለው ጊዜ ወደ በሩ ዞረ።

«የት ነው የምትሄደው? አልጨረስኩም!»

ተመለሰ። የቀረውንም ሰማ።

በመጨረሻ ልጁ ድምጿ አለቀ። ወንበር ላይ ዘጭ አለችና አፍንጫዋን አበሰች። አባቷን እንደ አዲስ እንግዳ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የምትረሳ ቢሆን ኖሮ ምንም መላ የለህም ነበር» አለች። «ለመርሳት መድኃኒት የለውም። አውቀህ የምታደርገው ከሆነ ግን አውቀህ መተውም ትችላለህ ማለት ነው።»

«እችላለሁ።»

«ዳማ የሚባል ነገር ጠዋት ጠዋት...»

«አንቺ አትከልክዪኝ» አላት ቶሎ ብሎ። «እኔው ራሴን ከልክዬዋለሁ።»

ልጁ ተነስታ የተቃጠለውን ጃኬት በእጇ ይዛ እጅጌውን ገለበጠችው። ልብስ ሰፊው ሳይዘጋ ከደረሰች አዲስ እጅጌ ያወጣላታል። ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ሚጢጢን ከወንበሯ አውጥታ፣ አፏን ጠርጋ፣ አባቷ ደረት ላይ አስቀመጠቻት።

«ለሞግዚቷ እደውላለሁ፣ ሰኞ አንተ ነህ። አሁንም እስክመጣ አንተ ነህ» አለች። በሩን ከፍታ ወጣችና ደረጃው ላይ ሆና ድምጿን ከፍ አድርጋ ጨመረች። «አባዬ! ሰማኸኝ? ሚጢጢ አንድ ነገር ብትሆን መቼም አልምርህም!»

የእግሯ ኮቴ ወደ ታች ወርዶ ጠፋ። ጋሽ ምንያድርግ ሚጢጢን እቅፍ አድርጎ እንባው በሳቁ ላይ ወረደ።

«ሰማሽ?» አላት በጆሮዋ። «አልምርህም አለችኝ እኮ!»